ከብት መውረጃ የሌለው ሃርድ ዲስክ

ሮቤ ከተማ ኮምፒውተር ስጠግን፣ ኦቦ ከድር የሚባሉ አዛውንት ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። "ሁለቱ ልጆቼ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች ናቸው፤ ተኳርፈው አንዱ ጎባ ከተማ ገብቷል። ይቺን አካፍልልኝ፣ እየተቀባበሉ ይሠሩባታል" አሉኝ። የጎባው ማክ፣ የሮቤው ዊንዶውስ ስለሚጠቀሙ፣ ዲስኩን ለየኮምፒውተራቸው እንዲስማማ አድርጌ ለሁለት ከፈልኩትና፣ "አንዱ የሌላውን ከፍቶ ማየት አይችልም" አልኳቸው በኩራት።

ሽማግሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም። "ልጄ፣ እኔ ለስንት ወንድማማች መሬት አካፍያለሁ። ሁለቱም ከብት ወደ ወንዝ የሚያወርዱበት መንገድ ሳይተው ድንበር ይሰመራል እንዴ?"

አፈርኩ። ሁሉንም አፍርሼ፣ በሁለቱም ኮምፒውተር የሚከፈት ሦስተኛ ክፍል ጨመርኩበት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ።

"ኦቦ፣ ከዚህ ሁሉ ለየብቻ ሁለት ዲስክ ቢገዙላቸውስ?"

"ሁለትማ አምና ገዝቼላቸው ነበር" አሉኝ፣ ዲስኩን በጋቢያቸው እየጠቀለሉ። "ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።"