የሀኪማ አባት ስንቅ

ሥርጉት የክር ፋብሪካው ከሥራ ካሰናበታት በኋላ ነው ቤት ለቤት የሚያዞር ሥራ ያገኘችው። ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ እየዞረች ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን ወደ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ታስገባለች። ሥልጠናው በነፃ ነው፤ ከባዱ ማሳመኑ ነው። አንዱ በር ይዘጋባታል፤ ሌላው «ተመዝግበን ተመዝግበን ምን አገኘን?» ይላታል። እሺ ብሎ የሄደውም ሥራ ሲይዝ መንገድ ላይ ቢያገኛት አያስታውሳትም። ባሏ አምባው ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስታወራ ትውልና ማታ ቤቷ ስትገባ የምትናገረው ሰው አይኖርም። ሬዲዮውን ትከፍታለች፤ አትሰማውም፤ ብቻ ይጮህላታል።

ሀኪማን ያገኘቻት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ ለጠያቂዎች ሳሙናና ሶፍት ዘርግታ ስትሸጥ ነው። ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመች ፈጣን ልጅ ነበረች። ሥርጉት የመኪና ጥገና ሥልጠና እንዳለ ስትነግራት ዓይኗ በራ፤ ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች።

«አይሆንም እትዬ። አባዬ እዚህ ነው። ሲኖትራክ ሲነዳ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገጭቶ ነው የገባው። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ዘመድ ሁሉ ወሎ ነው። ንግዱንስ ከትምህርት መልስ እሠራለሁ። ስንቅ ግን ማን ያቀብለዋል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥርጉት «እስቲ አስቢበት» ብላ ታልፍ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፏ አምልጧት «እኔ አቀብለዋለሁ» አለች።

ሀኪማ ሳቀች። «የማያውቁትን ሰው?»

«እተዋወቀዋለሁ።»

ልጅቷ ሌላ ነገር ለመነቻት፤ የምትማረው የመኪና ሙያ መሆኑን አባቷ እንዳይሰማ። መኪና የሚባል ነገር ስሙ ሲነሳ እንኳ ይከፋዋል።

እንዲህ ሆነና ሥርጉት በየጥየቃው ቀን ሀኪማ በማለዳ የሠራችውን ምግብ ይዛ ተሰለፈች። መጀመሪያ ቀን የሀኪማ አባት ሙሀመድሰዒድ ከሽቦው ማዶ ሆኖ የማያውቃትን ሴት ሲያይ ደነገጠ።

«ሀኪማ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ትምህርት ጀምራ ነው። ሥርጉት እባላለሁ።»

«የምን ትምህርት?»

«ሙያ ነው» ብላ ወሬውን ወደ ሌላ መለሰችው።

ሰውየው ወሬ ያውቅ ነበር። ስለ ኮምቦልቻ መንገድ፣ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመጣ ስለሚያድርባቸው ከተሞች ያወራላታል። እሷም ስለ ፋብሪካው፣ ለማንም ነግራ ስለማታውቀው ስለ አምባው የመጨረሻ ሕመም ነገረችው። ሰፈር ስትዞር አንድ አስቂኝ ነገር ካየች «ይቺን ለሙሀመድሰዒድ» ብላ ታስቀምጣለች። ጎረቤቷ በላይነሽ «ደግሞ የእስረኛ ዘመድ አወጣሽ?» ብትላት ስንቁን አንጠልጥላ ወጣች።

አንድ ሳምንት ሀኪማ ለተግባር ልምምድ ሌሊት እየወጣች ማብሰያ ጊዜ አጣች። ሥርጉት ሽሮ ሠርታ ወሰደች። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን ስለሆነ አይበላላትም፤ ሽሮ ምን አለበት? በሚቀጥለው ጥየቃ ሰውየው አተኩሮ አያት።

«ያለፈው ሽሮ የልጄ እጅ አይደለም።»

«አልጣፈጠም?»

«ጣፍጧል፤ እጅዎን ይባርከው። ግን ወይዘሮ ሥርጉት፣ ልጄ ምን ብትማር ነው ለኔ ሽሮ መሥሪያ ያጣችው?»

መዋሸት አቃታት። «የመኪና ጥገና» አለችው።

ጣቶቹን ሽቦው ውስጥ ሰክቶ ወደ መሬት አየ። ዘቡ ሰዓት መድረሱን ተናገረ። ሥርጉት ወዳጅነታችን አበቃ ብላ ፊቷን ስታዞር ጠራት።

«ፍሬን ላይ ጎበዝ ትሁን ይበሏት።»

ሀኪማ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያም ሥልጠናዋን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ብዙም ሳይቆይ አባቷ በአመክሮ ተፈታ። የተፈታ ዕለት ሥርጉት ነጠላዋን አጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በሩ ላይ ቆመች። ሲወጣ ከጠበቀችው በላይ አጭር ሆኖ አገኘችው። በመሃላቸው ሽቦ አልነበረም፤ ወሬም አልነበረም። ሁለቱም አፈሩ።

«አላህ ውለታዎን ይክፈልልን» አላት።

«ምን አደረግሁና» አለች።

ወንድሙ ከኮምቦልቻ መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። እዚያ ጋራዥ አለው፤ ለሀኪማም ሥራ ይሰጣታል። ልጅቷ የሥርጉት አንገት ላይ ተጠምጥማ «እደውላለሁ እትዬ» አለቻት። መኪናው ወደ ቃሊቲ አደባባይ ታጥፎ ከጭነት መኪኖቹ መሃል ገባ።

በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውሉ ነበር። ከዚያ በበዓል ብቻ። ከዚያም ሥርጉት ራሷ ስትደውል የጋራዡ ጩኸት አላሰማ ይላቸውና «ማታ እንደውላለን» ይሏታል። ማታ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን አለቃዋን ገብረጻድቅን «ቤት ለቤት ከመዞር ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ብቆምስ? ስንቅ ይዘው የሚሰለፉት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው» አለችው። እሱም ተስማማ።

አሁን በጥየቃ ቀን ሰልፉን እየተከተለች ልጆቹን ታናግራለች። በቀደም አንዲት ፌስታል ያንጠለጠለች ወጣት ስለ ሥልጠናው አንድ ባንድ ከጠየቀቻት በኋላ ቦታ ልትለቅላት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«ከኔ ፊት ይግቡ እናቴ፤ ፀሐዩ ይጎዳዎታል። እርስዎስ ማንን ሊጠይቁ ነው?»

ሥርጉት ወደ በሩ አየች። «ማንንም» አለቻት። «እዚህ የሚጠየቅ የለኝም።» ወጣቷም አንገቷን ነቅንቃ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከሰልፉ ጋር ወደ በሩ ሄደች።