በሞዴል 22 የወጣ ደጋን

ሃዋኒን የኮሌጃችን ተማሪዎች የሚያውቋት በሬጅስትራር ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነው። ውጤቱ የጠፋበት፣ ስሙ በስህተት የተጻፈበት፣ ሲስተም የለም የተባለ ሁሉ ንዴቱን የሚያራግፈው እሷ ላይ ነው። የጊንጪ ልጅ ናት፤ አባቷ ጭልሞ ደን ውስጥ ዘብ ነበሩ። አምቦ የመጣችው ለሥራ ሲሆን ዐሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቋትን ወረፋ ያዙ ትላቸዋለች።

እኔ ኤጄታ እባላለሁ፤ የዚያው ኮሌጅ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬያለሁ። ሰው አይወደኝም ነበር፣ እኔም ሰውን ያን ያህል አልወድም ነበር፤ ስለዚህ ተስማምተን ኖርን።

በ2011 ዓ.ም. የስፖርት አስተማሪው ፉአድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፎ ጽፎ አራት ደጋኖች አስመጣ። የጅማ ሰው ነው፤ ትዕግሥቱ ያናድደኛል። ከስቶሩ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገለባ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ዒላማ ሠራና ከሥራ ሰዓት በኋላ የፈለገ ሁሉ እንዲመጣ ማስታወቂያ ለጠፈ። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ ሰው መጣ። ጣታቸው ሲላጥ አንድ በአንድ መምጣት አቆሙ። ከሠራተኞቹ ሃዋኒ ብቻ ቀረች።

አንዱ ደጋን በሞዴል 22 በስሟ ወጣ። ሲፈረም ለሁሉም ሰው የምለውን ነገር አልኳት፦ በእጅሽ እስካለ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ቢወድቅ፣ ቢሰበር ክሊራንስ የለም። ሌላው ሰው ይህን ስል ይስቃል። ሃዋኒ አልሳቀችም። አጠገቧ ትሠራ የነበረችው ትንሳኤ ባሏ ወዳለበት ወደ ካቺሲ ለመዛወር ዓመት ሙሉ የጠበቀችው በአንድ ስቴፕለር ምክንያት ነበር። ስቴፕለሩ ጠፍቷል፤ አልፈርምም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያኔ ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መሃል ላይ ኮሌጁ በኮሮና ምክንያት ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሃዋኒ ግን በተገኘው ቀን ሁሉ ትመጣለች። ደጋኑ የሚያድረው ስቶር ውስጥ ስለሆነ እስክትጨርስ ቁልፍ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ደክሟታል፤ ከመስኮቱ ተነሥታ በቀጥታ ነው የምትመጣው። እኔም ደክሞኛል። ሁለታችንም ብዙ አናወራም።

በ2015 ከዞን ደብዳቤ መጣ። ለክልል ውድድር ሁለት ሴቶች ይመረጣሉ፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነ አይመዘገብም። ሃዋኒ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ያን ቀን ደጋኑን ስትመልስ አጠገቤ ቁጭ አለችና ያላሰብኩትን ነገር ነገረችኝ። ትምህርት የተማረችው በምደባ ነው፤ አምቦ የመጣችው በምደባ ነው፤ መስኮቱም የደረሳት በምደባ ነው። አንድም ቀን ተመርጣ አታውቅም። አንዴ ብቻ መመረጥ እፈልጋለሁ አለችኝ። ተነሥቼ ስቶሩን ቆለፍኩ።

ችግሩ ቀስቶቿ ሁሉ ወደ ግራ መሄዳቸው ነበር። በቀኝ እጇ ምንም እንከን አልነበረም፤ አውታሩን በሦስት ጣት ስባ አገጯ ሥር ታደርሳለች፣ ትከሻዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሳትቸኩል ትለቃለች። የተበላሸው ደጋኑን የምትይዝበት ግራ እጇ ነው። ፉአድ እንደሚለው ደጋን አይጨበጥም። በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ይደገፋል፤ የቀሩት ጣቶች ሥራ የላቸውም። አውታሩ ሲለቀቅ ደጋኑ በራሱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ መሬት እንዳይደርስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላይ የታሰረ የጫማ ክር ይይዘዋል። ሃዋኒ ግን ልክ ልትለቅ ስትል ጣቶቿን ሁሉ ትዘጋለች፤ እጀታው ይጠመዘዛል፤ ቀስቱ ወደ ግራ።

ፉአድ ያልሞከረው የለም። ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ እንደያዝሽ አድርጊው አላት። ወረቀት አጥፎ መዳፏ ውስጥ አስቀመጠ፤ ወረቀቱ በጥፍሯ ተበስቶ ወጣ። ወር ሙሉ እንዲህ ሆኑ። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ይህቺ ሴት ለምን አትተወውም እያልኩ እበሳጭ ነበር።

አንድ ቀን ግን ቀድማ መጥታ፣ ስቶሩን እስክከፍት ድረስ ፉአድ ለማሟሟቂያ ከቀርከሃ በሠራው ደጋን ስትለማመድ አየኋት። ለቀቀች፤ ጣቶቿ ክፍት ናቸው። ቀርከሃው ከእጇ ወጥቶ መሬት ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ደግማ ለቀቀች፤ ደግሞ ወደቀ። ከዚያ የኮሌጁን ደጋን ስሰጣት ያው እጅ እንደገና ተዘጋ።

ቀርቤ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ኤጄታ፣ አይቀየሙኝ። ጣቶቼን ልከፍት ስል የእርስዎ ድምፅ ይሰማኛል" አለችኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ አላጋንንም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን አፍሬ ነው የተነሣሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዎች የያዙትን ዕቃ እንዳይለቁ ሳስፈራራ ኖሬ፣ መልቀቅ የሚያስፈልገው ዕቃ እንዳለ አንድም ቀን አላሰብኩም። በሞዴል 19 ደጋኑን ከስሟ ላይ ገቢ አደረግኩ፤ ከዚያ በሞዴል 22 በራሴ ስም ወጪ አደረግኩት። ጡረታ ልወጣ ስድስት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ ስቶር ኪፐር ለራሱ የስፖርት ዕቃ ሲያወጣ ታይቶ አይታወቅም። አለቃዬ እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ።

ቅጂውን ለሃዋኒ ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችው።

"ይኸው፣ የኔ ነው። ቢወድቅ የሚወድቀው የኔ ነው" አልኳት።

በአንድ ቀን አልተስተካከለችም። ሁለት ሳምንት እጇ ሲዘጋ ሰነበተ፤ ግማሹ ቀስት ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ መሃል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ቀን ለቀቀች፤ ደጋኑ ወደ ፊት ዘለለና በጫማ ክሩ ላይ ተንጠለጠለ። ቀስቱን አላየችም፤ የተከፈተውን እጇን ነበር የምታየው። ፉአድ ዞር ብሎ ዒላማውን ማስተካከል ጀመረ።

የምርጫው ቀን አራት ሴቶች ቀረቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ስድስት ቀስት። ሦስቱ ልጆች ነበሩ፤ እሷን አንቺ ለማለት የሚፈሩ። ልትጀምር ስትል በጣቶቿ ላይ የምታስረው ክር ተበጣጥሶ ስለነበር የራሴን ጫማ ክር ፈትቼ ሰጠኋትና በተፈታ ጫማ ቆምኩ። እየተኮሰች ሄደች። እሷ ጣቷን በከፈተች ቁጥር የእኔ ጣቶች ይዘጉ ነበር። በሠላሳ አራተኛው ቀስት ላይ ክሩ ተበጠሰ። አርጅቶ ነበር፤ ማየት ነበረብኝ። ደጋኑ ኮረት ላይ ወደቀ፤ የላይኛው ክንፉ ሲሰነጠቅ ድምፁ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እሷ ብቻ አልዞረችም፤ ክንዷን ሳታወርድ፣ እጇን ሳትዘጋ ዒላማው መሃል ቢጫው ላይ የተተከለውን ቀስቷን ታይ ነበር።

ሁለቱን ቀሪ ቀስቶች ፉአድ በያዘው በሌላው የኮሌጁ ደጋን ተኮሰች። ሦስተኛዋን በአንድ ነጥብ በልጣ ሁለተኛ ወጣች።

የክልሉ ውድድር መጀመሪያ ለአንድ ወር ተራዘመ፣ ከዚያ ላልተወሰነ ጊዜ ተባለ፤ እንደዚያው ቀረ። ማኅተም ያለበት "ተመርጠዋል" የሚል ደብዳቤ ግን ደርሷታል። በሦስተኛው መስኮት በኩል ብታዩ ጠረጴዛዋ ላይ ከመስታወቱ ሥር አለ።

እኔ ጡረታ ወጥቼ ካቺሲ ገባሁ፤ ክሊራንሴ ግን በተሰነጠቀው ደጋን ምክንያት እስካሁን አልተፈረመም። ትንሳኤ እዚያ ጎረቤቴ ናት። ነገሩን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም፣ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። በየጊዜው በአውቶቡስ አምቦ እመላለሳለሁ፤ ወገቤ አልቋል። ሃዋኒ ኃላፊነቱን በስሜ ያድርጉት ብላ ሁለት ጊዜ ለምናኛለች። እንቢ አልኳት።

አዲሱ ስቶር ኪፐር ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ ሰው ላይ አነብ የነበረውን ቃል በሙሉ ያነብልኛል። ቅጹ ላይ "ንብረቱ የተጎዳበት ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። ክሩ የእኔ እንደነበረ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ደግሞ "በትክክል ስለተያዘ ወደቀ" ብዬ ጻፍኩ። አጥጋቢ ምክንያት ይቅረብ ተብሎ ተመለሰልኝ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ጽፌ ፈርሜያለሁ።