የጋሽ ፈንታው ሣር

ጋሽ ፈንታው ጡረታ ከወጡ በኋላ መካነ ሰላም ውስጥ ማንም ያልሞከረውን ሞከሩ፤ ከብት የማይበላው ሣር አበቀሉ። ደጃቸው ላይ ሰርዶ በእጃቸው ተክለው በበጋ በጀሪካን ያጠጡታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው በበግ መሸለቻ መቀስ ይከረክሙታል። «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ሰሌዳም አቁመውበታል። እኛ ጎረቤቶቻቸው ስንገባ ዳር ዳሩን እንዞራለን። የጎረቤታችን የፈይዛ ላም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ከላሟ ወገን ነበርኩ።

ሰውየው ግን ምክንያት ነበራቸው። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጃቸው ምስክር በጥር ልትዳር ቀን ተቆርጧል። «አባዬ፣ ከሚዜዎቼ ጋር ሣራችን ላይ ነው ፎቶ የምነሳው» ብላቸው ቃል ገብተውላታል። እናቷ በሕይወት የለችም። ድግሱን እንደ እሷ አላሳምረውም ብለው ስለሚሰጉ፣ የሚተማመኑት በሣሩ ብቻ ነበር። ዳሱ እንኳ ሣሩን እንዳይጎዳ ውጭ መንገዱ ላይ ይተከል ብለውን ቅር ብሎናል።

በጥቅምት እግራቸው ተሰበረና ደሴ ሄደው ስድስት ሳምንት ተኙ። ሣሩ አድጎ ጉልበት ደረሰ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሣር ሳይታጨድ ቆሞ ከደረቀ ነውሩ የጎረቤት ነው።

«ኧረ በአላህ! ጋሽ ፈንታው ተኝተው ንብረታቸው ሲባክን ዝም ብለን እንይ?» አለች ፈይዛ።

ስምንት ሆነን በደቦ ገባንበት። ከሥሩ አጨድነው፤ አድርቀን ከመርነው፤ ክምሩንም በእሾህ አጠርነው። ሰሌዳቸውን ግን አልነካንም።

በኅዳር ማብቂያ ጋሽ ፈንታው በምርኩዝ ተደግፈው ከባጃጅ ወረዱ። እኛ ምርቃት እየጠበቅን በር ላይ ተሰልፈናል። ግቢውን አዩት፤ ከቢጫ ቅሪት በቀር ምንም የለም። ውርጭ ገብቷል፤ እስከ ጥር አያቆጠቁጥም። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሳይ ምን እንዳደረግን ገባኝና አፈርኩ።

ፈይዛ ግን አልገባትም። «ዝናብ እንዳያስገባ አድርገን ነው የከመርነው» አለቻቸው።

ጋሽ ፈንታው ወደ ክምሩ ዞሩ። «ስንት ሆናችሁ ነው?»

«ስምንት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

በጥር ዳሱ ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ የሚጎዳ ሣር የለማ። ሰሌዳውን ራሳቸው ጋሽ ፈንታው ነቅለው ጉድጓዱ ውስጥ የዳሱን ምሰሶ አቆሙበት። ምስክር ከመኪና ስትወርድ ደረቁን መሬት አይታ ቀጥ አለች።

«አባዬ፣ ሣሩስ?»

ስምንታችንን በየስማችን ጠርተው አጠገቧ አቆሙን። ፈይዛ እጇ ላይ ሊጥ ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ሣሩን ያጨዱት እነዚህ ናቸው» አሉ። «እናትሽ ብትኖር ድግስሽን የምታዘጋጀው ከእነሱ ጋር ነበር። በይ፣ ፎቶሽን ከእነሱ ጋር ተነሺ።»