ባሌ ላይ ያላከክኩት መካንነት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር እሱን ዘልዬዋለሁ። ፈሪ ነኝ። ያደረግኩትንም ያደረግኩት ፈርቼ ነው፤ ግን የፈራ ሰው ሁሉ እንደኔ ያደርጋል?

ከባሌ ከታደለ ጋር ሳንጋባም የወር አበባዬ ሥርዓት አልነበረውም። ሁለት ሦስት ወር ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ አያባራም። አገጬ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር በር ዘግቼ ነበር የምነቅለው። ልጅ ሲዘገይ አማቴ እትዬ አስካለ ከሳንሱሲ እየመጡ ሆዴን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። "ምነው ልጄ፣ ዝም አልሽ?" ይሉኛል። ዝም ያለው ማህፀኔ እንጂ እኔማ መች ዝም አልኩ! አንድ ቀን ግን ለጎረቤት "ዘንድሮም ካልወለደች ለልጄ ሌላ እድርለታለሁ" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ።

ዘነበወርቅ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ታደለን ውጭ አስቀምጬ፣ ፊኛዬ እስኪወጠር ውሃ ጠጥቼ ተኛሁ። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀባችና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። የእንቁላል ማምረቻዬ ዳር ዳሩን በትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ተከቧል። ሞቴን ያየሁ መሰለኝ። እሷ ግን ረጋ ብላ፦

"አይዞሽ፣ አልትራሳውንድ ብቻውን አይፈርድም። ጤነኛ ሴት ላይም እንዲህ ሊታይ ይችላል። ከወር አበባሽ መዛባትና ከፀጉሩ ጋር ሳየው ግን የሆርሞን ችግር ይመስለኛል። ደምሽን እንመርምርና ሕክምና እንጀምራለን። ይሄ እያለባቸው ብዙዎች ይወልዳሉ" አለችኝ።

"ይወልዳሉ" ማለቷን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። ግን መድኃኒት ስውጥ ታደለ ቢያየኝስ? ለእናቱ ቢነግርስ? ለደም ምርመራው ነገ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ታደለ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ "ምን አሉሽ?" ሲለኝ፣ እኔ፣ እኔው ራሴ፣ በዚህ አፌ "ምንም የለብሽም ተባልኩ" አልኩት።

አየር ጤና ከታክሲ ስንወርድ "እንግዲያው እኔ ነኛ" አለ። አይደለህም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ዓመታት አለፉ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲፈታ የሚውለው ሰው በእናቱ ትእዛዝ ጠበል ተመላለሰ። ሐኪም ቤት ግን "ስሜ ይጠፋል" ብሎ እምቢ አለ። ጓደኞቹ ልጅ ክርስትና ሲያስነሱ ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። እትዬ አስካለ ደግሞ እግሬ ላይ ወድቀው "ልጄ፣ ያለ ጥፋትሽ አማሁሽ፤ ይቅር በይኝ" አሉኝ። እኔም አነሳኋቸውና "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳቸው። አፌ እንዴት አልተሳሰረም?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት ታደለ እራቱን ገፋ አድርጎ "አንቺ ገና ነሽ፤ በኔ የተነሳ ሳትወልጂ አትቅሪ። ብትሄጂ አልቀየምሽም" አለኝ። አለቀስኩ። ለሱ ያዘንኩ መስሎት እንባዬን ጠረገልኝ። "ካልሄድሽ ግን በቃ፣ ሰኞ እመረመራለሁ" አለ።

ሰኞ ነገ ነው። እሱ ጤነኛ ነህ ከተባለ ቀጥሎ ወደኔ ይዞራሉ። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቃላችሁ? ባሌ ላይ በሽታ እንዲገኝበት ጸለይኩ። ስለትም ተሳልኩ።

የድሮውን ፈርቼ ነው ብል ምናልባት ታምኑኝ ይሆናል። የዛሬውን ግን ዐውቄ፣ አስቤ፣ ጫማዬን አውልቄ ነው ያደረግኩት። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይረባኛል? ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ጓዳ ቆሞ ለነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። "ኮሌታውን ነይ እይልኝማ" እያለ እየጠራኝ ነው። ሂጂና ንገሪው እላለሁ፤ እግሬ ግን አልነሳ ብሎኛል።