ገበር የሌለው ቁምጣ

ሚስቴ ኮርፋ አባቷ ቤት ከገባች ወር አልፏት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ አማቶቹ ቤት ሄደው ይቀመጣሉ፣ ባል ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ሚስትም ትመለሳለች። እኔ ግን አልላክሁም። ቡታጅራ ገበያ ዳር የልብስ ስፌት መኪና ዘርግቼ የምሠራ፣ ልቤ ያበጠ ጎረምሳ ነበርኩ። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ «አጥፍቻለሁ» ማለት ሞት መስሎ ይታየኝ ነበር።

የተጣላነው በጨርቅ ነው። አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ፣ ከጎኔ ቁልፍ ትተክል የነበረችው ሚስቴ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ ስስ ነው፤ ገበር ይግባበት» አለች። ደንበኛው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ፤ ስለ ስፌት ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሰውዬው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። እሷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች፤ ማታ ስገባ ቤቱ ባዶ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። ሯጮቻችን ባሕር ማዶ ሄደው ካሸነፉ ወዲህ፣ ሁለት እግር ያለው ጎረምሳ ሁሉ ራሱን ሯጭ አድርጎ ይቆጥር ነበር። በዚያ በጋ አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ከቆሼ እስከ ቡታጅራ ሩጫ ይደረጋል ተባለ። የስፖርት አስተማሪው «ግማሽ ማራቶን ነው» አለን፤ መንገዱን በእርግጥ የለካው ሰው ስለመኖሩ ግን እጠራጠራለሁ። ሽልማቱ ብርድ ልብስ ነበር። ሌሎቹ ብርድ ልብሱን ብለው ተመዘገቡ፤ እኔ መንገዱን ብዬ ተመዘገብኩ። መንገዱ በአማቶቼ ደጅ ያልፋላ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። አማቴ፣ ማለትም የሚስቴ አባት፣ ልጁን ከዳረልኝ ጀምሮ «የዚህ ልጅ እግር መኪና ከመርገጥ በቀር ምን ያውቃል?» ይል ነበር አሉ። እንግዲህ ያ እግር ከሁሉ ቀድሞ በደጁ ሲያልፍ ያየዋል። ሚስቴም ታየዋለች። ማታውኑ ጓዟን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅ ነገሩ ያልቃል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የሚውል እግር ለሩጫ የማይሆንበት ምክንያት ጨርሶ አልታየኝም።

ሌሎቹ አሮጌ ሱሪ ቆርጠው ሲመጡ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ቁምጣዬን በገዛ እጄ ሰፋሁ። ከነጭ አቡጀዲ ነው፤ ስስ፣ እንዳይከብደኝ ብዬ ገበር የሌለው። ከሥር ሌላ ነገር መልበስ ያን ጊዜ በእኛ ዘንድ ብዙ የተለመደ አልነበረም። መስታወት ፊት ቆሜ ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በጣም አማረብኝ። ያን ጊዜ ደረቅ ነበር እንግዲህ።

በጭነት መኪና ቆሼ አውርደውን ገና በማለዳ ተሰለፍን። ሩጫውን የሚያስጀምሩት ሹም ግን አርፍደው መጡ፤ ከመጡም በኋላ ስለ ሥልጣኔ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሽጉጡ ሲተኮስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች። የቆሼን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። አቧራው እግር ያቃጥላል፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ብዙም ሳንርቅ አንዱ ሆዱን ይዞ ግራር ሥር ተቀመጠ፤ ሌላው መንገድ ዳር ካገኘው ጋሪ ላይ ወጣ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። እኔ ግን ያቺን ደጅ ብቻ እያሰብኩ ገፋሁ። አማቶቼ መንደር ስደርስ ከፊቴ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሴቶች ውሃ በእንስራ ይዘው ቆመዋል። «ውሃ አፍሱበት፣ ሊሞት ነው!» አለች አንዷ። በጣሳ እየቀዱ ከአናቴ እስከ እግሬ አወረዱብኝ። ጀነት የገባሁ መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ እርምጃዬን አረዘምኩ።

የመንደሩ ሰው ከቤቶቹ ፊት ባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ወጥቶ ነበር። የሚስቴ አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። እናቷ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። ሚስቴን አጥሩን ተደግፋ አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ተደነቀች ብዬ ፈገግ አልኩላት። ከዚያ ጭብጨባው ቀጥ አለ። ልጃገረዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» ብለው መሬት መሬት አዩ። ያኔ ነው ወደ ታች የተመለከትኩት።

የራሰው አቡጀዲ ገላዬ ላይ ተለጥፎ ምንም ነገር አልሸፈነም። ጨርቅ የለበስኩ መሆኔን የሚያሳየው ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት ብቻ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ እሷም አልተከፈተችም። መንገዱ መሐል ቁጢጥ አልኩና ጉልበቴን አቀፍኩ። ከኋላዬ የነበሩት እየተሳሳቁ አለፉኝ። በባህላችን አማች የሚስቱን እናት ዓይን ለዓይን አያይም፤ እንኳን ራቁቱን፣ ራሱን ሳይሸፍንም ፊቷ አይቆምም። እኔ እንግዲህ እንዲያ ሆኜ ተቀምጬላታለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ማንም እንዳያየኝ ሳይሆን ማንንም እንዳላይ።

ያን ጊዜ ነጠላ ራሴ ላይ ወደቀ። ቀና ስል አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ፣ ነጠላዋን ወርውራልኝ ስትመለስ ነው። ለእኔ አልተናገረችም፤ ለእንሰቱ ነው የተናገረችው። «እንግዳው ይልበስና መንገዱን ይቀጥል» አለች።

መንገዱን ማቋረጥ እችል ነበር፤ ግን እዚያ መቀመጥ ከመሮጥ ይብስ ነበር። ነጠላውን ወገቤ ላይ አገለደምኩና ጥለቱ ጉልበቴ ላይ እየተወዛወዘ ሮጥኩ። ቡታጅራ ስገባ ደንበኞቼ በሙሉ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ያ ሱሪ ያሰፋው ሰውዬም ነበር፤ እንደዚያን ቀኑ ሳቀ። አሸናፊው በዚያ ሐሩር ብርድ ልብስ ተደርቦለት ያልበዋል። የመጨረሻ አልነበርኩም ማለት ብችል ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዬን ገበያ ለመዘርጋት አቅም አጣሁ። ነጠላውን አጠብኩ፤ በከሰል ካውያ ተኮስኩት፤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ባየሁት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። መመለስ ነበረበት፤ ለአማቴ ደግሞ በእጄ ልሰጣት አልችልም። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ሁለቱም በዚያ ቀን ሜዳው ላይ የነበሩ ናቸው፤ ያላየ ሽማግሌ ፈልጌ አላገኘሁም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» ብለን ገባን፤ እኔ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ተቀመጥኩ። የሚስቴ አባት «ጥፋትህን ተናገር» አለኝ። በመንገድ ያሰናዳሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሚስቴም መልስ ሳትሰጠኝ መሄዷን፣ ደንበኛ ፊት መናገሯን። አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ። «በሰው ፊት አሳፈርኳት» አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ዋጠው። የሚስቴ አባት ጣራ ጣራ ማየት ጀመረ።

ማንም ሳይጠይቃት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ የአማቴ ድምፅ መጣ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለች። ከዚያ ቀን ውርደት ሁሉ ይህቺ የደግ ሰው ውሸት ባሰችብኝ፤ አንገቴ ደረቴ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ሚስቴ ጓዟን አስራ ከጓዳ ወጣች። ነጠላውን ከእጄ ተቀብላ ለእናቷ አቀበለች። ከዚያ ተመልሳ ከፊቴ ቆመች።

«እኔ ግን አይቻለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ገበር አልነበረውም።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ።

«አልነበረውም» አልኳት።