የጋሼ አድማሱ ሄልሜት፤ ከባሕር ዳር እስከ እንፍራንዝ

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ባሕር ዳር።

የጥር ብርድ ከሐይቁ ላይ ይነሣል። የደንገል ታንኳዎቹ ገና ከዳር እንደታሰሩ ናቸው። ወንድሜ ሙሉቀን ሞተሩን ያሞቃል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቦርሳዬን ለሦስተኛ ጊዜ እፈትሻለሁ፦ የቀበሌው የይለፍ ወረቀት፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ፣ የእትዬ አበዛሽ ደብዳቤ።

የጉዞው ምክንያት ይኸው ደብዳቤ ነው። እትዬ አበዛሽ የጋሼ አድማሱ ሚስት ናቸው። ጋሼ አድማሱ ለወባ ሥራ መድኃኒትና የደም ናሙና እየያዙ በሞተር እስከ እንፍራንዝ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለፈው ዓመት አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደርሱ ተገልብጠው ሞቱ። «ሄልሜቱም አላዳነው» ይል ነበር ለቅሶ የደረሰ ሁሉ። እትዬ አበዛሽ ቤቱን ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ እንፍራንዝ ገቡ። የሟቹን መስመር አሁን የሚሠራው ሙሉቀን ነው። ይህን በሰሙ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት በለመዱት ፊደል፣ በገዛ እጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «የአድማሱ ሄልሜት ከእኔ ዘንድ አለ። በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። ወንድምሽ ያድርገው። መጥታችሁ ውሰዱት።»

እኔም ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ይሁን አላውቅም፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ሙሉቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሄልሜት ይዞ ሲመጣ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ከኋላው ለሚቀመጥ፣ እኔ ከውስጥ የተለጠፈችውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አየሁ። በመዝገበ ቃላት ሁለት እሑድ ፈጀችብኝ። ልክህን ምረጥ ትላለች። አገጭህ ሥር እሰረው፤ በማሰሪያውና በቆዳህ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፣ ከዚያ በላይ አይላላ። በቤንዚን ወይም በላምባ አትጠበው። ብርቱ ምት ከደረሰበት ደህና ቢመስልህም ጣለው።

ነጩ አዲስና ሰፊ ነበር። ጥቁሩ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠበብ ያለ። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ የሙሉቀንን ራስ ከቅንድቡ በላይ ዙሪያውን ለካሁት። ጥቁሩን አጥልቄለት ራሱን ሲነቀንቅ የግንባሩ ቆዳ አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላ ይዤ ወደ ፊት ብስበው አልወጣም። ነጩ ግን እንደ ቁና ይዞርበታል።

«ልክህ ጥቁሩ ነው» አልሁት።

«ያፍነኛል፣ እታለም። አንቺ አድርጊው። ለእኔ ነጩ ይሻለኛል።»

ነጩን ለምን እንደመረጠ የገባኝ ከተማውን ሳንለቅ ነው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ስንደርስ ግራ እጁን ከመሪው አነሣ፤ ሄልሜቱን ከራሱ ብድግ አደረገ፤ አጎንብሶ ተሳለመ፤ መልሶ ደፋው። ሞተሩ አልቆመም። ማሰሪያው ከጆሮው ሥር ይወዛወዛል።

«እሰረው!» ብዬ ጮህሁ።

«ከታሰረ በምን ይወልቃል? ራሴን ሸፍኜ ልለፍ?»

ለሴት መከናነብ ወግ ነው፤ እኔን ማንም አያስወልቀኝም። ለእሱ ግን ቆብ እንዳጠለቁ ደብር ማለፍ ነውር ነው። በዚህ መንገድ ደግሞ ከአንዱ ደብር ዛፍ እስከ ሌላው ደብር ዛፍ ሩቅ አይደለም።

አንድ ሰዓት ተኩል። የዓባይ ድልድይና ሐሙሲት።

ድልድዩ ላይ ዘቡ አስቆመን። «ፊታችሁ ይታይ!» አለ። ጥቁሩን ሳወልቅ ሻሼ አብሮ ወጣ።

«እንዴ! ሴት ናት!» አለ ለጓደኛው። «እመቤት፣ ወዴት ነው ዘመቻው?»

«እንፍራንዝ።»

«በዚህ ድስት?»

«በዚህ ድስት» አልሁት። ወረቀታችንን አይቶ እየሳቀ አሳለፈን።

ሐሙሲት የገበያዋ ቀን ነው። መንገዱ ገና በጧት በሰው ተሞልቷል፦ የጭነት አህያ፣ በግ፣ በርበሬ፣ የሽንብራ እሸት በእቅፍ። አንዱን እቅፍ በስሙኒ ገዛሁ። ሙሉቀን እስከዚህ አምስት ጊዜ ተሳልሟል። ቆጥሬያለሁ።

ሦስት ሰዓት። ከጉማራ ወንዝ በላይ።

ስድስተኛው መሳለም ቁልቁለት ላይ ነበር። ጠጠሩ የላላ ነው፤ ከቀኝ በኩል በግራር መካከል የቆርቆሮ ጉልላት ብልጭ አለ። ሙሉቀን ግራ እጁን ከፍሪሲዮኑ እጀታ አንሥቶ ሄልሜቱን ብድግ አደረገ። የፊተኛው ጎማ ጉድጓድ ገባ። መሪው ተጠመዘዘ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ግራና ቀኝ ወረወረን። ወገቡን አንቄ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ቆመናል፤ አልወደቅንም። ነጩ ሄልሜት ግን ከእጁ አምልጦ በድንጋዩ ላይ እየነጠረ ወርዶ ከቦዩ ውስጥ ተኝቷል።

ወርዶ አነሣው። በክንዱ ጠረገው።

«ጭረት ናት» አለ።

ተቀብዬ በፀሐይ አየሁት። ከጎኑ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች፤ በአውራ ጣቴ ስጫናት ትንቀሳቀሳለች። ከውስጥ፣ ራስ ሲመታው የሚጨፈለቀው ነጩ ለስላሳ ሽፋን ምንም አልሆነም፤ ራስ አልነበረበትምና አልተጨፈለቀም። ደብተሬን አውጥቼ እንደዚሁ ጻፍሁት፦ ከላይ ስንጥቅ፣ ከውስጥ ደህና።

«ይህ ከእንግዲህ አይሆንም» አልሁት።

«ግድ የለም። እንኳንም የጋሼ አድማሱ ሄልሜት ኖረ!»

ጥቁሩን አውልቄ ሰጠሁት። እንቢ አለ፤ እህቱን ራቁት ራሷን እንደማይጭን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነዳ፣ መሳለሙን ግን በባዶ ራሱ አላቋረጠም። ወረታ ሻይ ጠጣን። የርብን ድልድይ ስናልፍ የፎገራ ላሞች ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ተሰማርተዋል።

ሰባት ሰዓት። እንፍራንዝ።

የእትዬ አበዛሽ ቤት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው። ሙሉቀንን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ኋላ ነው የተረዳሁት፣ የሞተሩ ድምፅ ነበር ያስቆማቸው። እግራችን ላይ ውኃ አፈሰሱልን። እንጀራ በአተር ክክ፣ እርጎ በቅል አቀረቡ። በልተን እስክንጨርስ ስለ ሄልሜቱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ ከግድግዳው ችንካር አወረዱት። ቀይ ነው። እንደ መስተዋት ያበራል።

«በሳሙና አጥበዋለሁ፤ ከዚያ በላምባ እወለውለዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ» አሉ። «አንድ ሳምንት አላጓደልሁም። እንካ ልጄ። ከእሱ የተረፈኝ ይኸው ነው።»

ሙሉቀን ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ። ሊያጠልቀው ሲል «አንድ ጊዜ» አልሁና ወሰድሁበት።

«እታለም፣ ተይ!» አለኝ በሹክሹክታ። «ስጦታ ይፈተሻል? አታሳፍሪኝ።»

ደጅ ይዤው ወጣሁ። የሞተ ሰው ዕቃ፣ መበለት በየሳምንቱ ያጠበችው፣ እኔ እንደ ገበያ ዱባ በጣቴ አንኳኳዋለሁ። ከኋላው፣ ከውልወላው ሥር፣ ከጆሮው እስከ ማጅራቱ የሚወርድ ስንጥቅ አገኘሁ። በጣቴ ስጫነው ተንቀሳቀሰ። ውስጡን ገልጬ አየሁ። ለስላሳው ሽፋን አልተጨፈለቀም። ቢጫ ሆኗል እንጂ ደህና ነው።

ቁርጥ በሦስት ሰዓት ከቦዩ ያነሣነውን ሄልሜት ነበር፣ በቀይ ቀለም።

እትዬ አበዛሽ መጥተው ከጎኔ ቆሙ። «ምን አየሽ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሙሉቀን ደስ ብሎት አጥልቆት ይሄድ ነበር፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይሸኙን ነበር።

«ተሰንጥቋል፣ እትዬ። የሙሉቀንን ራስ አያድንም።»

«መቼስ ወድቆበታል።»

«ሲወድቅ ግን ባዶውን ነበር። ራስ ከውስጡ አልነበረም።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሙሉቀን ከበሩ ሥር ቆሞ ይሰማል።

«በእጁ ነበር» አሉ። «አንድ አራሽ አይቶታል። ሚካኤልን ሊሳለም አውልቆት፣ በአንድ እጁ እየነዳ። ሰው ሁሉ ‘ሄልሜቱም አላዳነው’ ሲል ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። ሲሳለም ሞተ ብዬ ለማን እናገራለሁ? በመልአኩ ላይ ሰው አፉን እንዲከፍት? በእሱስ ላይ?»

«ምንም አላጠፉም፣ እትዬ» አልሁ።

«ዛሬ ለወንድምሽ ሰጥቼ ብሸኘውስ ኖሮ?»

ገብተው ምላጭ ይዘው ወጡ። ሄልሜቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማሰሪያውን በግራም በቀኝም ከሥሩ ቆረጡት። ወፍራም ስለነበር ጊዜ ወሰደባቸው፤ ልርዳዎት ብል እጄን መለሱት።

«ከእንግዲህ ማንም አምኖት አያጠልቀውም» አሉና መልሰው ከችንካሩ ላይ ሰቀሉት።

ላምባውም ጥሩ እንዳልነበረ ወረቀቷ እንደምትናገር አልነገርኋቸውም። እሱን ለራሴ ያዝሁት።

ዓርብ፣ ረፋድ። መልስ።

ጥቁሩ አንድ ነው፣ እኛ ሁለት። ጥቁሩን ለሙሉቀን ሰጥቼ ከጎንደር የሚወርደውን አውቶቡስ ጠበቅሁ። አልተከራከረኝም። እትዬ አበዛሽ መንገዱ ድረስ ሸኙን፤ ሄልሜቱን ራሳቸው ራሱ ላይ ካስተካከሉለት በኋላ፦

«ስትሳለም ግን ውረድ፣ ልጄ» አሉት። «አድማሱም ቢወርድ ኖሮ የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር።»

ከሹፌሩ ጀርባ ቦታ አገኘሁ። ሙሉቀን ቀድሞ ሄዷል። ከከተማው ወጣ እንዳልን ደረስንበት፤ ሞተሩን ከመንገዱ ዳር አቁሞ፣ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ፣ ወደ ደብሩ ዞሮ ቆሟል። አለፍነው። ትንሽ ቆይቶ በአቧራ አጥምቆን አለፈን። እንደገና ደረስንበት፤ ቆሟል።

«ይኼ ልጅ ሞተሩ እየጠፋ ያስቸግረዋል መሰል» አለ ሹፌሩ። ይህን እያለ እሱም ቆቡን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ በሌላው እየነዳ ተሳለመ።

አዲስ ዘመንን አልፈን ሚካኤል ጋ ስንደርስ ሙሉቀን ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከግራሩ ሥር ተንበርክኳል። አውቶቡሱ ሲያልፍ ዞር አላለም። እኔም ከመስኮቱ አጎነበስሁ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ወረታ፣ ጉማራ፣ ሐሙሲት። በየቁልቁለቱ ወደ ቦዩ አያለሁ።

ባሕር ዳር የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ቆምሁ። ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ሄደ። ደብተሬን አወጣሁ፤ ማንበብ አልቻልሁም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ሳላየው አወቅሁት።

አቧራ ለብሶ መጣ። ሞተሩን አጠፋ።

«ያፍናል» አለኝ።

ሁለት ጣቴን ከአገጩ ሥር፣ ከማሰሪያው ውስጥ ሰደድሁ። ልክ ነበር።