ባርኔጣ ሲወልቅ የሚቆመው ፈረስ

ይህ ታሪክ እስኪሆን ድረስ ሉድገር ቴንሁምበርግን ያለ ባርኔጣ ያየ ሰው ቢኖር ወይ እናቱ ናት፣ ወይ ቄሱ፣ ወይ እኔ። እናቱ አርፋለች፣ ቄሱ ሰው አያማም፤ ስለዚህ ወሬው ለእኔ ተረፈ። ኤግበርት እባላለሁ። በዚህ በእኛ በሙንስተርላንድ መንደር የሚረግጥ ፈረስ ሁሉ ኮቴው ላይ ያለውን ብረት የመታሁት እኔ ነኝ። የፈረስ እግር ይዞ ላጎነበሰ ሰው ሁሉም ምስጢሩን ይዘረግፍለታል፤ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ሉድገር የሆበሊንግ ቤተሰብ ባልደራስ ነው። ከጉርምስናው ጀምሮ እዚያው ጋጣ ውስጥ ኖሮ ጡረታ ሊወጣ አንድ በጋ ብቻ ቀርቶት ነበር። የሆበሊንግ ፈረሶች አይሽቀዳደሙም፣ አጥርም አይዘሉም። ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሙሽራ እየረገጡ ሜዳውን ይዞራሉ፤ ዳኛ ደግሞ ቁጭ ብሎ ለእርምጃቸው ነጥብ ይሰጣል። ድረሳዥ ይሉታል። ሚስቴ የሥራ ፈት ጨዋታ ትለዋለች፤ እኔ ግን የምበላበት ስለሆነ አፌን እይዛለሁ።

ከሉድገር እጅ የወጡ ፈረሶች ኦሎምፒክ ደርሰዋል። እሱ ግን ያያቸው በቴሌቪዥን ነው። አንዱ በመሄጃው ዋዜማ ተሸጠና ከሌላ ባልደራስ ጋር ሄደ። ሌላው ሊሄድ ሲል እግሩን ወለም ብሎት እሱም ሉድገርም ቤት ቀሩ። ያን ሰሞን ሉድገር ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በእርግጥ በእኛ አገር ሰው ዝም ሲል ከፍቶት ይሁን ደስ ብሎት መለየት ቀላል አይደለም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፈረሱ ጎን ልጓሙን ይዞ እዚያ ስታዲየም መግባት ይፈልግ ነበር። ከዚያ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ቦርጮ መጣ። በወረቀት ስሙ ዶን ሲልቫን ነው፤ ነገር ግን ሲወለድ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የወጣ ስለሚመስል ቦርጮ ብለን ቀረን። የሆበሊንግ ልጅ ፍራውከ ትጋልበዋለች። ሲሰግር ያያችሁት እንደሆነ ቦርጩን ትረሱታላችሁ። አንድ እርግማን ግን ነበረበት። ፍራውከ ሜዳው መሐል አቁማው ዳኞቹን እጅ ስትነሳ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ይቆፍራል፣ ይዞራል፣ አንዴማ ዳኛዋ ፊት ፋንድያውን ጣለ። ሌላውን ሁሉ ሠርቶ በመቆም ይወድቃል።

ሉድገር መላ ዘየደ። በየማለዳው ጋጣው በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቅለታል። ባርኔጣው ውስጥ፣ ገበሩ ስር፣ ስኳር አለ። ቦርጮ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ስኳሩን ያገኛል፤ ከተቁነጠነጠ ባርኔጣው ተመልሶ መላጣው ላይ ይደፋል። በእንዲህ ዓይነት ፈረሱ መቆም ተማረ። ፍራውከ ስኳር ክልክል ነው ብላ ስለነበር ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብዬው ነበር፤ አንተ ብረትህን ምታ አለኝ።

ለኦሎምፒክ የመጨረሻው ማጣሪያ ቀን ደረሰ። ሉድገር ጋማውን ሹሩባ ሠርቶ፣ ጠጉሩን መልክ እስኪያሳይ ቦርሾ አስገባውና አጥሩ ጋ ከእኔ አጠገብ ቆመ። ፍራውከ ገባች፣ አቆመችው፣ እጅ ነሳች። ቦርጮ ንቅንቅ አላለም። ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሶምሶማ የሚረግጥበት ክፍል መጣ፤ አረጋገጡ መሬቱን የሚያባብለው ይመስል ነበር። የሰው ሁሉ እስትንፋስ ቆመ። እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በእኛ አገር ወንድ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለእግዜርና ለሬሳ ነው። ለቀረው ጠርዙን ነካ ማድረግ ይበቃል። ሉድገር ግን በዚያች ቅጽበት ራሱን ረሳ። እጁ በራሱ ፈቃድ ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ።

ቦርጮ ዓይኑን ባርኔጣው ላይ ጣለ፤ ቆመ። አቋቋሙስ! ጆሮው ወደ እኛ፣ አንገቱ ወደ እኛ፣ ከንፈሩ ረጥቦ። ፍራውከ ተረከዟን ብታሳርፍበት፣ ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች! ሉድገር እንደ ሌባ ባርኔጣውን መልሶ እስኪደፋው ድረስ አልተነቃነቀም።

ነጥቡ እንዲያም ሆኖ ለብሔራዊ ቡድኑ የሚበቃ ነበር፤ ያን ያህል ግሩም ሰግሯል። ነገር ግን የቡድኑ አሠልጣኝ ወይዘሮ ሮስቪታ ፋልክ ጋጣው ድረስ መጡ። ሉድገርም ሳይጠየቅ ሁሉንም ተናገረ። ሴትዮዋ አልጮኹም።

"አቶ ቴንሁምበርግ፣ እዚያ ስታዲየሙ ሙሉ ባርኔጣ ነው፤ የዚያ አገር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም" አሉት። "ከመንደራችሁ በዓል ጥቂት ሳምንታት በኋላ እመለሳለሁ። ባርኔጣ እያየ የሚቆም ከሆነ ተጠባባቂው ፈረስ ይሄዳል፤ እርስዎም እዚሁ ይቀራሉ።"

ሉድገር በመጀመሪያ ባርኔጣዬን ትቼ በመላጣዬ እሄዳለሁ አለ። ሞከርነው። ቦርጮ መላጣውን ገና ከሩቅ ሲያይ ቀጥ አለ። ለእሱ የሉድገር መላጣ ያው የወለቀ ባርኔጣ ነበር።

በየዓመቱ ዒላማ ተኩሰን ቢራ የምንጠጣበት የተኳሾች ማኅበራችን በዓል በዚያው ሰሞን ነበር። የማኅበሩ አዛዥ ክሌመንስ በአዘቦት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በበዓል ግን ላባ የተሰካበት አረንጓዴ ባርኔጣ ሲደፋ ጄኔራል ይሆናል። እሱ ነው ሐሳቡን ያመጣው፤ ባዶ ባርኔጣ ደጋግሞ ካየ ይተወዋል አለ። ሰልፉን ጨርሰን፣ ቢራውንም አጋምሰን፣ መላው ማኅበር ወደ ሆበሊንግ ሜዳ ተመምንና አጥሩን ይዘን ተደረደርን። ክሌመንስ ባርኔጣ አውርድ ብሎ አዘዘ። ዒላማ መምታት ላይ እንለያያለን እንጂ ባርኔጣ ማውረድስ እናውቅበታለን።

ቦርጮ ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። ፍራውከን ጀርባው ላይ እንዳዘላት ከአንዱ ባርኔጣ ወደ ሌላው እያሸተተ ሁላችንንም ጎበኘ። ስኳር ቢያጣ የክሌመንስን ላባ በላው። ክሌመንስ ከአባቱ የወረሰው ላባ ነበርና እስከ ዛሬ ያነሳዋል። እኛም እልህ ያዘን፤ ከሥራ በኋላ በየቀኑ እየመጣን ባርኔጣ ስናወርድና ስንደፋ ሰነበትን። ቦርጮም ቀስ በቀስ እኛን ማየት ሰለቸው። ይኸኛው ባዶ፣ ያኛውም ባዶ፤ በመጨረሻ እንደ አጥር እንጨት ያልፈን ጀመር።

ሉድገርን ማየት ብቻ አልሰለቸውም። ለምን እንደሆነ አንድ ማለዳ ብረት ልመታ ስሄድ ገባኝ። ሉድገር በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፤ የቦርጮ መንጋጋ ይንቀሳቀሳል።

"አንተ ሰውዬ፣ መሄድ ትፈልጋለህ አትፈልግም?" አልኩት።

"እንዲህ አድርጎ ሲያየኝ እንዴት ልከልክለው?" አለ። ፊቱን አዙሮ ጭድ መግፋት ጀመረ። ተናድጄ ነበር፤ ግን አንጀቴን በላው።

ፍራውከ ከኋላችን ቆማ ሰምታናለች። መጥታ ክንዱን ያዘችው።

"አጎቴ ሉድገር፣ እኔ ያለ አንተ እዚያ መሄድ አልፈልግም" አለችው። "እባክህ፣ ንፉግ ሁንበት።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነፈገው። ማለዳ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ምንም የለም። ቦርጮ መጀመሪያ በአፍንጫው ደረቱን ገፋው፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ በኋላ ገና ሲመጣ እያየ ወደ ገለባው መዞር ጀመረ። ሉድገር እነዚያን ቀናት ቁርስ የሚባል ነገር አልቀመሰም፤ ጥቁር ዳቦውንና የአሳማ ሥጋውን እኔ በላሁለት።

ወይዘሮ ፋልክ በቀጠሯቸው መጡ። ማኅበሩ ባርኔጣውን አወረደ፤ ቦርጮ ዞር ብሎም አላየን። ሴትዮዋ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሉድገር ዞሩ።

"እርስዎስ?"

ሉድገር ሜዳው ዳር ብቻውን ቆመ። ፍራውከ ከወዲያኛው ጫፍ ቦርጮን እያሰገረች መጣች። ሉድገር ባርኔጣውን አወለቀ፤ መላጣው ላይ ፀሐይ አረፈበት። ቦርጮ ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን እያነሳ እያስቀመጠ መጣ፣ አጠገቡ ደረሰ፣ አለፈው። ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

ማኅበሩ በጭብጨባ አበደ። ክሌመንስ ላባ የሌለው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ወይዘሮ ፋልክም ሻንጣዎን ያዘጋጁ ብለውት ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሉድገር ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ሄጄ ጀርባውን መታ አደረግሁት። "ምን ሆነሃል? ትሄዳለህ እኮ!"

"አላየኝም እኮ፣ ኤግበርት" አለኝ።

 እሱ ባርኔጣውን ገለበጠና ከገበሩ ስር አንድ ስኳር አወጣ፤ ለካ እስከዚያች ሰዓት ይዞት ነበር። ትንሽ አየውና አፉ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ስኳሩን እያላመጠ፣ የቦርጮን ኮርቻ ሊያወርድ ሄደ።